የሁለቱ ኮሪያዎች ስጦታ

ዶራቪል ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ፣ የማርታ ባቡር ወርቃማው መስመር የሚያበቃባት ትንሽ ከተማ ናት። ከ1947 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ የጄኔራል ሞተርስ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነበረባት። ፋብሪካው ከመዘጋቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ግን ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባለው ረጅም መንገድ ግራና ቀኝ ሌላ ኑሮ በቅሎ ነበር። ኮሪያውያን፣ ቬትናሞች፣ ቻይናውያንና ሜክሲኮዎች ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው መንገዱን በየቋንቋቸው ጽሑፍ ሞሉት። እኛም ሐበሾች ከክላርክስተንም ከዲኬተርም እየተነሣን ወደዚያ እንገበያለን። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ቃሪያው በዓይነት በዓይነቱ አለ። ኮሪያዎቹ በርበሬ ሲመርጡ ሳይ ሁልጊዜ እናቴ ትዝ ትለኛለች፤ እንደ እሷው አፈስ አድርገው፣ አሽትተው፣ ቀለሙን በብርሃን አይተው ነው የሚገዙት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ እዚያው ዶራቪል ውስጥ ባለ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ሂሳብ ልከፍል ተሰልፌ ሳለ፣ ከኋላዬ የነበሩ አንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ ከየት አገር እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኳቸው። የያዙትን ዘንቢል መሬት አስቀመጡ። እጃቸውን በጎናቸው ሰብስበው ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየን። የእሳቸውም የእኔም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ቢሆንም የተናገሩት ገብቶኛል፤ ወታደሮቻችሁ ለአገሬ ሞተዋል፣ አመሰግናለሁ ነው ያሉት። ቀጥለው ያደጉበትን ከተማ ስም ነገሩኝ፤ ቹንቾን። በወጣትነታቸው ቡና የጠጡበትን ቤት ስምም ጠሩልኝ፤ «ኢትዮጵያ ቤት»። በመጀመሪያ የማላውቀው የኮሪያ ቃል መስሎኝ ነበር። ደግመው ሲሉት ነው የገባኝ። «ቤት» ያሉት የእኛኑ «ቤት» ነው።

ምን መመለስ እንደሚገባኝ ስላላወቅሁ አንገቴን ሰበር አድርጌ «ኧረ ምንም አይደል» አልኳቸው። ያፈርኩት መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። «ምንም አይደል» የማለት መብት ማን ሰጠኝ? የዘመትኩት እኔ አይደለሁ። ያልዋልኩበትን ውለታ ተቀብዬ ሄድኩ። በዚያ ላይ እኔ በልጅነቴ «ኮሪያ» ሲባል የማውቀው የሽማግሌውን አገር ሳይሆን የወጓቸውን ነበር።

*

ያደግሁት በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ነው። በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት ሲቆም የትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ። ሐውልቱ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ተመረቀ። ወደ 50 ሜትር የሚጠጋ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት ዓምድ ነው። በግራና ቀኙ በሰፋፊ ግድግዳ ላይ የተቀረጹ ምስሎች አሉ፤ ንጉሡ፣ ረሀቡ፣ አብዮቱ፣ ጦርነቱ፣ ድሉ እየተከታተሉ ይተረካሉ። መታሰቢያነቱ በኦጋዴን ጦርነት ለተሠዉ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች ነው። የወደቁት ኩባውያን ፎቶግራፎችም በስፍራው ተሰቅለዋል።

ይህ ሁሉ የሰሜን ኮሪያ ስጦታ ነበር። የሠሩት ፒዮንግያንግ ከሚገኘው የማንሱዴ የሥነ ጥበብ ስቱዲዮ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ማንሱዴ በ1959 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ የኪም ኢል ሱንግን ሐውልቶች የሚሠራ የመንግሥት ድርጅት ነው። ዛሬ በአፍሪካ በብዙ ቦታ እጁ ይታያል። ከዊንድሁክ ወጣ ብሎ ያለውን የናሚቢያ የጀግኖች መታሰቢያ፣ ዳካር ኮረብታ ላይ የቆመውን ግዙፉን የአፍሪካ ህዳሴ ሐውልት የሠራው እሱ ነው። እነዚያ የዋጋ ሥራዎች ነበሩ። የእኛው ግን ገና በስጦታ ዘመን፣ ከመጀመሪያዎቹ መካከል የመጣ ነው። ነገሩ እያደገ ሄዶ በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሰሜን ኮሪያ ሐውልት ለውጭ አገር እንዳትሸጥ በማዕቀብ እስከ መከልከል ደረሰ። ሐውልት እንደ ድንጋይ ከሰልና እንደ ብረት በማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ማን ያስባል?

በልጅነቴ እነዚያ ምስሎች ያስፈሩኝም ይማርኩኝም ነበር። አሁን ሳስበው ፊታቸው የእኛ ነው፤ አቋቋማቸው ግን የእኛ አይደለም። ክንዳቸው ወደ ላይ የተወረወረበት፣ ደረታቸው የተነፋበት፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩበት አኳኋን የፒዮንግያንግ ነው። ቀራጩ ሐበሻ ሲቆም እንዴት እንደሚቆም፣ ሲያዝን አንገቱን ወዴት እንደሚያዘነብል ለማየት ጊዜ አላገኘም። ሆኖም ባለሙያውን አልወቅስም። ከአገሩ ርቆ፣ በማያውቀው ሕዝብ መካከል፣ የታዘዘውን በትጋት ሠርቷል። መታየት ያለበት ያዘዘውና የተቀበለው ነው።

የተመረቀበትን ጊዜ ደግሞ እናስብ። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ከወጡ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ፣ ሕዝቡ በረሀብ እያለቀ ሳለ ሰሜን ኮሪያውያን መጥተው ከተማዋን ለበዓሉ ሲያስጌጡ እንደነበር ተርከዋል። ሐውልቱ ከተመረቀ 6 ሳምንት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ቢቢሲ የኮረምን ረሀብተኞች ለዓለም አሳየ። በአንድ በኩል አዲስ ኮከብ የተሸከመ ዓምድ፣ በሌላ በኩል በኮረም ሜዳ በጋቢ የተጠቀለለ አስከሬን። የእኔ ትውልድ ስለ «ኮሪያ ወዳጅነት» የተማረው በዚያ ዓመት ነው።

በሰፈራችን ግን ሌላ ኮሪያ የሚያውቁ አንድ አባት ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ሲራመዱ ቀኝ እግራቸው ይጎተታል። እኛ ልጆች በቀበሌ የተማርነውን መዝሙር እየዘመርን ስናልፍ እሳቸው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩናል። ትልልቆቹ «ኮሪያ ዘምተዋል» ሲሉ እሰማ ነበር። ለእኔ ግን ኮሪያ ወዳጅ አገር ናት፤ ወዳጅ አገር እንዴት ይዘመታል? አልገባኝም፣ አልጠየቅሁምም። በዚያ ዘመን ጥያቄ ሁሉ የሚጠየቅ አልነበረም። ሜዳሊያቸውን ከሣጥን አውጥተው በደረታቸው ላይ ሲያደርጉ ያየሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ያኔ ዕድሜያቸው ገፍቶ፣ ኮታቸውም ሰፍቷቸው ነበር።

*

ጋሼ የዘመቱበት ጦርነት ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ስትወር ጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ጦር እንዲያዋጡ ጥሪ ሲያደርግ፣ ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምክንያት ነበራቸው። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው፣ የተወረረች አንዲት ትንሽ አገር ብቻዋን ስትተው ነገ የሁሉም ተራ ይሆናል ብለው ነበር። የሰማቸው አልነበረም። አሁን ሌላ የተወረረች ትንሽ አገር ተገኘች። ራሳቸው የጠየቁትን ለሌላ ሲጠየቁ እንቢ ቢሉ የጄኔቩ ንግግር ከንቱ ይሆን ነበር። በእርግጥ ከአሜሪካ ጋር ወዳጅነት የማጥበቅ፣ ጦሩን የማዘመንና ኤርትራን የሚመለከት ስሌትም ነበረበት። መንግሥት ያለ ስሌት አይሠራም። ወታደሩ የሞተው ግን ለስሌቱ አልነበረም።

ከክቡር ዘበኛ የተመረጠው የመጀመሪያው ጦር «ቃኘው ሻለቃ» ተባለ። አባ ቃኘው የንጉሠ ነገሥቱ አባት የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው ሻለቃ ሚያዝያ 4 ቀን 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተሸኝቶ፣ ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ፑሳን ወደብ ገባ። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመድቦ ተዋጋ። ሁለተኛውን ቃኘው ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። የደጋ ልጆች ቢሆኑም እንደዚያ ያለ በረዶ አይተው አያውቁም። የተዋጉት ደግሞ በቁጥር ብቻ በሚጠሩ ራቁት ኮረብታዎች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነበር። የአሜሪካው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ውጊያ በጻፈው መጽሐፍ የኢትዮጵያውያንን የሌሊት ቅኝት በአድናቆት ተርኮታል።

ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆምና ከዚያም በኋላ ለጥበቃ፣ በጠቅላላው 6 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን በየተራ ኮሪያ ረግጠዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም አልተማረከም። የወደቀ ጓዳቸውን ጥለው ባለመመለሳቸው የሟቾቹ አስከሬን አገሩ ገብቷል። ዘማቾቹ ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ፣ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት ሰብስበው ከደሞዛቸው እየቀነሱ አሳድገዋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ከኛ ይልቅ ኮሪያውያን ደጋግመው ያነሡታል።

*

ቹንቾን የዶራቪሉ ሽማግሌ ከተማ ናት። ቃኘው ከተዋጋባቸው ተራሮች የማትርቅ፣ በወንዝና በሐይቅ የተከበበች የጋንግዎን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነች። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያን በጎበኙ ጊዜ፣ በጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ለኢትዮጵያ ዘማቾች የቆመውን የመታሰቢያ ሐውልት መርቀው ከፈቱ። ያን ጊዜ ኮሪያ ሀብታም አልነበረችም። ከጦርነቱ ከወጣች ገና 15 ዓመቷ ነው። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ለእንግዳቸው የሚያሳዩት ብዙ ፋብሪካ አልነበራቸውም። ሐውልቱ የደሀ አገር ምስጋና ነው።

በዚያው ዓመት ከሐውልቱ ፊት ለፊት፣ ወንዙ ዳር አንድ ቡና ቤት ተከፈተ። የከፈቱት ኮሪያውያን ባልና ሚስት ናቸው። ቤቱ ስለ ራሱ እንደሚተርከው፣ ስሙን ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ ሲሆኑ፣ የቡናውም ፍሬ ከኢትዮጵያ ይላክለት ነበር። «ኢትዮጵያ ቤት»። ያን ጊዜ በኮሪያ የተቆላ ቡና ብርቅ ነበር፤ ሰዉ የሚያውቀው ከአሜሪካ የጦር ሰፈር የሚወጣውን በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። ስለዚህ የቹንቾን ወጣት ከቡና ጋር የተዋወቀው በኢትዮጵያ ስም ነው። የእኛው ሽማግሌ ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ነበሩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን ስጦታዎች ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። በቹንቾን ድንጋዩና ቡናው አብረው ቆሙ። ድንጋዩ የመንግሥት ነው፤ በየዓመቱ ባለሥልጣን የአበባ ጉንጉን ያስቀምጥበታል። ቡናው የቤተሰብ ነው፤ በየቀኑ ይፈላል። በ1967 ዓ.ም. እኛ ዘንድ ዙፋን ወደቀ፤ ስም ያወጡት ንጉሥም ተገደሉ። አዲሱ የኢትዮጵያ መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ ጋር ግንኙነት መሠረተ። በፖለቲካ ሕግ ከሄድን ቹንቾኖች ተቀይመው ስሙን ሊፍቁት ይገባ ነበር። የወጓቸውን ሰዎች የኢትዮጵያ መንግሥት በቀይ ምንጣፍ እየተቀበለ፣ በአዲስ አበባ መሀል ሐውልት እያሠራ ነው። ነገር ግን የቡና ቤቱ ስም አልተነሣም። ወንዙ ዳር ያለውም ሐውልት አልተነካም። የቹንቾን ሰው ኢትዮጵያን ከኢትዮጵያ መንግሥት ለይቶ ማየት ችሎ ነበር።

እኛ ያን መለየት አልቻልንም። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ እኔም የዘመርኩት መዝሙር አለ።

*

የኮሪያ ዘማቾች መከራ የጀመረው ግን በደርግ አልነበረም። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ባደረጉ ጊዜ፣ ከኮሪያ የተመለሱ ብዙ ወታደሮችና መኮንኖች በዚያው በክቡር ዘበኛ ውስጥ ነበሩ። ቃኘው ሲዘምት የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች ጋር ተገደሉ። ሙከራው ሲከሽፍ ክቡር ዘበኛ ፈረሰ፤ በኋላም እንደ አዲስ ተደራጀ። ፑሳን ሲገቡ በሙዚቃ የተቀበሏቸው ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ተጠርጣሪ ሆኑ።

ደርግ ሲመጣ ደግሞ ተዋግተው የመለሱት ጠላት የመንግሥት ወዳጅ ሆነ። በአንድ ጊዜ የንጉሡ ዘበኛም፣ የኢምፔሪያሊዝም ወታደርም ተባሉ። አንድ ሰው በሃያ ዓመቱ የሠራው ታላቅ ሥራ በአርባና በሃምሳ ዓመቱ የሚደበቅ ነገር ሲሆንበት ምን ይሰማዋል? ጋሼን አልጠየቅኋቸውም ብያለሁ። ግን አንድ ነገር አስታውሳለሁ። ትግላችን ሐውልት ተመርቆ ትምህርት ቤታችን በሰልፍ ወስዶን ስንመለስ፣ እንደ ልማዳቸው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመካከላችን አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ የኮሪያን ሐውልት አይተን መጣን!» አላቸው። «እንዴት ነው፣ ያምራል?» አሉት። «በጣም!» አለ። «ጎሽ» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጎረምሳ ሆኜ ትርጉሙ የገባኝ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን በራሱ መንገድ አንድ ነገር ጠብቆላቸዋል፤ ስም። ዘማቾቹ ቦታ አግኝተው የሰፈሩበት አካባቢ «ኮሪያ ሰፈር» ተብሎ ነበር፤ በደርግ ዘመንም ያው ኮሪያ ሰፈር ነው፤ ዛሬም ኮሪያ ሰፈር ነው። ካድሬ ስንቱን ጎዳናና አደባባይ ስም ሲለውጥ ይህን አልነካውም። ምናልባት የየትኛው ኮሪያ እንደሆነ ሳይጠይቅ ቀርቶ ይሆናል።

*

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። አፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የነበረው የሌኒን ሐውልት ወረደ። ትግላችን ግን ቀረ፤ ኮከቡን እንደተሸከመ ዛሬም ቆሞ አለ። ኮሪያ ዘማቾች ማኅበራቸውን ይዘው፣ ሜዳሊያቸውን አጥልቀው ወደ አደባባይ ወጡ። ቹንቾንና አዲስ አበባ እኅትማማች ከተሞች ሆኑ። በ1998 ዓ.ም. አፍንጮ በር አካባቢ፣ በደቡብ ኮሪያ እርዳታ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ተመረቀ። የወደቁት ሰዎች ስም ተጽፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ከተማቸው ላይ ድንጋይ ቆመላቸው። በዓመቱ ደግሞ ቹንቾን ውስጥ፣ ከድሮው ሐውልት አጠገብ፣ ጣሪያው በእኛ ጎጆ ቤት አምሳል የተሠራ የኢትዮጵያ መታሰቢያ አዳራሽ ተከፈተ።

ስለዚህ አዲስ አበባ ዛሬ ከሁለቱም ኮሪያዎች የተሰጧት ሁለት መታሰቢያዎች አሏት። በዓለም ላይ ይህ ያጋጠማት ሌላ ከተማ ስለመኖሯ እጠራጠራለሁ። በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ፒያሳ ወጥቶ ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ ትንሽ መሄድ ነው። አንዱ በቁመቱ ከሩቅ ይታያል፤ ሌላውን ለማየት መፈለግ ያስፈልጋል። ትግላችን ሲሠራ ለባለውለታው ለኪም ኢል ሱንግ መንግሥት ምን ተመላሽ እንደታሰበ ግልጽ ነው፤ በሰልፍ የሚያሳልፈው ሕዝብ። የአፍንጮ በሩ መታሰቢያ ግን ራሱ ተመላሽ ነው። የ50 ዓመት ዕዳ ነው የተከፈለበት። ይህም ቢሆን ከፖለቲካ የጸዳ ነው ብዬ አልሞኝም። በ1998 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ሀብታም፣ በአፍሪካ ወዳጅና ገበያ የምትፈልግ አገር ሆናለች። ሆኖም ሥራው ከድንጋዩ አላቆመም፤ ለዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል ተሰጠ፣ ለአረጋውያኑ ድጎማ ተላከ፣ ኮሪያውያን የከፈቱት፣ ሰዉ «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለው ሆስፒታልም ለዘማቾቹ በሩን ከፈተ።

እዚህ አሜሪካም የኮሪያውያን እጅ የሠራው ሌላ ታዋቂ ስጦታ አለ። በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ደቡብ ኮሪያ ትልቅ የነሐስ ደወል ሰጠቻት። ሎስ አንጀለስ፣ ሳን ፔድሮ ላይ፣ ውቅያኖሱን በሚያይ ኮረብታ ላይ ተሰቅሏል። 17 ቶን ይመዝናል። የተሠራው በ771 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው በታላቁ የንጉሥ ሶንግዶክ ደወል አምሳል ነው። ቤቱን የሠሩት 30 ኮሪያውያን የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ 10 ወር ፈጅቶባቸዋል። ይህ ደወል እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ደወል በውስጡ የሚንጠለጠል ምላስ የለውም። ንፋስ ቢመጣ ብቻውን አይጮህም። ሰዎች ግንድ አወዛውዘው ከውጭ ካልመቱት በቀር ዝም እንዳለ ይኖራል። በ2013 እ.ኤ.አ. አርጅቶ ሲጎዳ የሰጪው አገር ባለሙያዎች ተመልሰው አደሱት።

አገር ለአገር የሚሰጠው ስጦታ ሁሉ እንደዚህ ደወል ይመስለኛል። ሐውልትን የሚያቆመው መንግሥት ነው፤ የሚያቆየው ግን ሌላ ሰው ነው። ወንዝ ዳር ያለ ቡና ቤት ስሙን ሳይለውጥ ሲቀር፣ የሰፈር ሰው «ኮሪያ ሰፈር» ማለቱን ሲቀጥል፣ አንድ ሽማግሌ ከአገሩ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ዶራቪል ውስጥ ዘንቢሉን ሲያስቀምጥ፣ ያን ጊዜ ደወሉ ይመታል። ትግላችን ላይ የሚመታው የለም። በኦጋዴን የወደቁት ልጆቻችንና ለእኛ ሲሉ ከካሪቢያን መጥተው የሞቱት ኩባውያን ቁም ነገር ስላልሆኑ አይደለም። እነሱም ሰዎች ናቸው፤ እነሱንም እጅ የሚነሣ ትውልድ ይገባቸዋል። ነገር ግን ስጦታው ሲሰጥ የተሰጠው ለእነሱ እናቶች ሳይሆን ለመንግሥቱ ነበር፤ መንግሥቱ ሲሄድ ተረካቢ አጣ።

*

ባለፈው ጊዜ አዲስ አበባ ስሄድ ሁለቱንም በአንድ ቀን አየሁ። ትግላችን ጋ ቆሜ የልጅነት መዝሙሬን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ዜማው መጣ፣ ግጥሙ ጠፋ። አፍንጮ በር ሄጄ ደግሞ ከድንጋዩ ላይ ስሞቹን አነበብኩ። ማዕረግ፣ ስም፣ የአባት ስም። የጋሼ ስም እዚያ የለም፤ እሳቸው ከነእግራቸው ተመልሰው፣ በአልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። ድንጋይ የሚጻፍበት ለወደቀ ነው። ተመልሶ አርባ ዓመት ዝም ላለ ሰው የሚቆም ሐውልት የለም።

ወደ አትላንታ ስመለስ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ይርጋ ጨፌ በሻንጣዬ ይዤ ነበር። ለሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ዶራቪል ስሄድ መኪናዬ ውስጥ አደርገዋለሁ። ሽማግሌውን አላገኘኋቸውም። ስማቸውንም አልጠየቅሁም ነበር። መጨረሻ ላይ ቡናውን ቤቴ ቆላሁት። ከታች ፎቅ የሚኖሩ ኮሪያውያን ጎረቤቶች አሉኝ፤ ጭሱ ያስቸግራቸው እንደሆነ ብዬ በራቸውን አንኳኩቼ ጠራኋቸው። ወጣቶች ናቸው። ስለ ቃኘው ሰምተው አያውቁም። ሁለተኛውን ሲኒ እየጠጡ ሳለ ነገርኳቸው።